«በዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ተመረጠ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እንዲህ ዓይነት ፖስት ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። የአንድ አጭር ፊልም ፖስተር አለ። ጥግ ላይ ግራና ቀኝ በጎበጡ ሁለት የቅጠል ዘንጎች መሀል የሆነ ፌስቲቫል ስም ተጽፏል። ከሥሩ «ፊልማችን በዓለም አቀፍ ፌስቲቫል አሸነፈ!» ይላል። «እንኳን ደስ አላችሁ» ይዘንባል። ከዚያ አንዱ ብቅ ይልና «ይሄ እኮ ከፍለህ የምታገኘው ነው» ብሎ ይጽፋል። ክርክሩ እዚያው ይጀመራል። አንዱ ወገን ፌስቲቫል የሚል ስም ያለው ነገር ሁሉ የአገር ኩራት ነው ይላል። ሌላው ሁሉንም ንግድ ነው ብሎ ጠቅልሎ ይጥለዋል።

ሁለቱም ስተዋል። ፌስቲቫል ውስጥ ዋንጫው ትንሹ ነገር ነው። ለዶክመንተሪና ለአጭር ፊልም ፌስቲቫል ሲኒማ ቤትም ነው፣ ገበያም ነው፣ ገንዘብ የሚገኝበት ቦታም ነው፤ እነዚህ ፊልሞች ሌላ ቤት የላቸውምና። ስለዚህ «አሸነፈ ወይ?» ከማለት ይልቅ የትኛው ፌስቲቫል እንደሆነና ፊልሙ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደ መጠየቁ ይሻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

## ቃላቱን እናጥራ

ከ«ዶክመንተሪ» እንጀምር። እኛ አገር ይህ ቃል ጠባሳ አለበት። አንድ ሰው ወይም ድርጅት «ዶክመንተሪ ተሠራበት» ሲባል መንግሥት ሊያስረው ወይም ሊያሳጣው አስቧል ማለት እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል። በ2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን «አኬልዳማ»ን፣ በ2005 ዓ.ም. የታየውን «ጂሃዳዊ ሐረካት»ን ያስታወሰ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል።

ነገሩ ከዚያም ይርቃል። በ1973 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ፣ ጆናታን ዲምብልቢ፣ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ያ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የቀረበው ግን እንደነበረ አልነበረም። የተራቡት ሰዎች ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እየተፈራረቀ ነው የታየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙ ያሳየው ረሃብ እውነት ነበር። መቀሱ ግን ደርግ እጅ ነበር። የኛ ተመልካች የዶክመንተሪን ጉልበት በደንብ ያውቀዋል፣ ያወቀው ግን በአብዛኛው ሥልጣን በያዘ ሰው እጅ ሆኖ ነው።

ፌስቲቫል ላይ የሚታየው ዶክመንተሪ ሌላ ነገር ነው። «ዘጋቢ ፊልም» የሚለው ትርጉምም ትንሽ ያሳስታል፤ ዜና የሚዘግብ ያስመስለዋል። እውነተኛ ሰዎችን፣ እውነተኛ ቦታን ይዞ፣ አንዳንዴ ለዓመታት አብሮ ቆይቶ፣ በአንድ ሠሪ ዓይን የሚነገር ታሪክ ነው። ተራኪ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ፍርድም ላይሰጥ ይችላል።

አጭር ፊልም ቀላል ነው፤ ልኩ በደቂቃ ነው። የኦስካር አካዳሚ መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ስም ጨምሮ 40 ደቂቃና ከዚያ በታች የሆነውን አጭር ይለዋል። ሌሎች ፌስቲቫሎች የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ ብዙዎቹ ከዚህ ያነሰውን ይመርጣሉ።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ያ ምልክት «ላውረል» ይባላል። መሀሉ ላይ «ኦፊሻል ሴሌክሽን» ካለ ፊልሙ እንዲታይ ተመርጧል ማለት ነው። አልተሸለመም። ይህ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ትልቅ ፌስቲቫል ላይ መመረጥ ብቻውን ትንሽ ቦታ ላይ ከመሸለም ሊበልጥ ይችላል። «አሸነፈ» ብሎ መጻፍ ግን ስህተት ነው።

## ሌላ ቤት ስለሌላቸው

የ12 ደቂቃ ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት ቲኬት የሚቆርጥ ሰው የለም። ሲኒማ ቤቱም አያስገባውም። አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሾቹ የሚያሳዩት ሙሉ ርዝመት ያለው ልብ ወለድ ፊልም ነው፤ እሱም ራሱ አሁን አሁን ወደ ዩቲዩብ እየሄደ ነው። ዶክመንተሪው ደግሞ በአብዛኛው አንድ ድርጅት ስለራሱ ፕሮጀክት ከፍሎ የሚያሠራው ነው። በዚያ ሥራ ብዙ ጎበዝ ካሜራማንና ኤዲተር ቤተሰቡን ያስተዳድራል፣ ሙያውንም የተማረው እዚያ ነው። ይሁንና ገንዘቡን የከፈለው አካል ነው መጨረሻውን የሚወስነው።

«ታዲያ ዩቲዩብ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዩቲዩብ ላይ መቶ ሺህ ሰው ሊያይልህ ይችላል። ግን እዚያ ፊልሙን ለተመልካች የሚያቀርበው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ቶሎ የሚያጓጓውን ይወዳል። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ስለ አንዲት የገጠር እናት የሚተርክ የ25 ደቂቃ ፊልም ከቀልዱና ከፖለቲካው መሀል ማን ያገኘዋል? ፌስቲቫል ላይ ግን ሰው ስልኩን አጥፍቶ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱ ይበራል፣ ሠሪዋ ማይክ ይዛ ፊት ለፊት ትቆማለች፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነስቶ «ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ለምን ዝም አለች?» ብሎ ይጠይቃታል። እዚህ ጋ ነው አንድ ሠሪ ፊልሟ የት ጋ እንደያዘ፣ የት ጋ እንደላላ የምታውቀው።

አጭር ፊልም ተመልካች የለውም ለሚል ሰው የፈረንሳይዋን ክሌርሞን ፌራንን ልጥቀስ። ትልቅ ከተማ አይደለችም። በ1979 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአጭር ፊልም ሳምንት ብለው ጀመሩ፤ በ1982 ውድድር ሆነ። አሁን በየዓመቱ በአውሮፓ ክረምት፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ፣ ከሳምንት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ፣ ከ150 ሺህ በላይ የመግቢያ ቲኬት ያስተናግዳል። ይህ ከከተማዋ ነዋሪ ቁጥር ጋር የሚስተካከል ነው። ሰዉ ብርድ ላይ ተሰልፎ የሚገባው ዝነኛ ተዋናይ ለማየት አይደለም። ተመልካች በአንድ ቀን አልመጣም፤ ከ40 ዓመት በላይ በየዓመቱ ሳያቋርጡ ስለሠሩ ነው።

## ከውስጥ ሲታይ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ምርጫው። ፊልሙ ይላካል፤ ብዙ ጊዜ «ፊልምፍሪዌይ» በሚባለው የኢንተርኔት መድረክ በኩል። ፕሮግራመር የሚባሉ ሰዎች ያዩታል። ፕሮግራመር ማለት ከሺዎች መሀል የሚታየውን የሚመርጥ፣ ለምን እንደመረጠም የሚያስረዳ ባለሙያ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። የአሜሪካው ሰንዳንስ ለ2024 ከ12 ሺህ በላይ አጭር ፊልም ደርሶት የመረጠው 53 ነው። ከ200 ፊልም አንድ እንኳ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ አለመመረጥ ማለት ፊልሙ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ወጣት ሠሪዎች ይህን ቢያውቁት ከብዙ ሐዘን ይድናሉ።

ቀጥሎ «ፕሪሚየር» አለ፤ ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚታይበት ማለት ነው። ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች፣ በተለይ ለረጅም ዶክመንተሪ፣ ፊልሙ ሌላ ቦታ ሳይታይ መጀመሪያ እነሱ ጋ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ብዙ የኛ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ እንዳለቀ በደስታ ዩቲዩብ ላይ ይጭኑታል፣ ወይም የመጀመሪያውን ግብዣ ከማንም ይሁን ከማን ተቀብለው ፕሪሚየሩን ይጨርሱታል። ከዚያ ትልቁ በር ይዘጋል።

ሦስተኛው ከውጭ የማይታየው ክፍል ነው፤ ገበያው። የአምስተርዳሙን ዓለም አቀፍ የዶክመንተሪ ፌስቲቫል እንውሰድ። በምህጻሩ «ኢድፋ» ይባላል። በ1988 ተጀመረ፤ በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ ይካሄዳል፤ በዶክመንተሪ ከዓለም ትልቁ ነው። አዳራሾቹ ውስጥ ሕዝቡ ፊልም ያያል። ከዚያው ጎን ሌላ ክፍል አለ። እዚያ ገና ያላለቀ ፊልም ያላቸው ሰዎች «ፒች» ያደርጋሉ። ፒች ማለት ሐሳብህን ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ማቅረብ ነው። ዳይሬክተሩና ፕሮዲውሰሩ ይቆማሉ። ጥቂት ደቂቃ ቁራጭ ምስል ያሳያሉ፣ ያወራሉ። ፊት ለፊታቸው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎች፣ የፈንድ ኃላፊዎች፣ አከፋፋዮች ተቀምጠዋል። «ልጅቷ ትምህርቷን ካቋረጠች ፊልማችሁ ምን ይሆናል?» ይላል አንዱ። «እኛ ጋ 52 ደቂቃ የሚሆን ቅጂ ይኖራል?» ትላለች ሌላዋ። ሰዓቱ ያልቃል፤ ቀጣዩ ይገባል። የብዙ ዶክመንተሪ ዕጣ የሚወሰነው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው፣ ፊልሙ ከመታየቱ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድሞ።

ኢድፋ የራሱ ፈንድም አለው። በ1998 በሌላ ስም ተቋቁሞ አሁን «ኢድፋ በርታ ፈንድ» የሚባለው ነው። አፍሪካን፣ እስያን፣ ላቲን አሜሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን ለመሳሰሉ አካባቢዎች ሠሪዎች ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ለኛ ከዋንጫ ይበልጣል።

አራተኛው ወደ ኦስካር የሚወስደው መንገድ ነው። አንድ አጭር ፊልም ለኦስካር ለመታጨት ከሦስት በአንዱ ማለፍ አለበት። በአካዳሚው ዝርዝር ውስጥ ያለ ፌስቲቫል ላይ የተወሰነ ሽልማት ማግኘት፣ ወይም አካዳሚው በፈቀዳቸው የአሜሪካ ከተሞች በአንዱ ሲኒማ ቤት ቢያንስ ሰባት ቀን መታየት፣ ወይም በአካዳሚው የተማሪዎች ውድድር ሜዳልያ ማግኘት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ማግኘት ለማን ይቀላል? ስለዚህ ለብዙ ሠሪ ያለው መንገድ ፌስቲቫሉ ነው።

## ከሐረር ጅቦች እስከ ኒዮን

ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚያያዝ በአንድ እውነተኛ ምሳሌ እንየው። ጄሲካ በሽር ሐረር ያደገች፣ የኢትዮጵያና የሜክሲኮ ዝርያ ያላት ፊልም ሠሪ ናት። በ2017 «ሐይራት» የተባለ አጭር ፊልሟ ሰንዳንስ ላይ ታየ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሐረር ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብ ስለሚያበላ ሰው ነው። በቃ። ቱሪስት እየሄደ ስልኩን የሚያበራበት ያ ትዕይንት እዚያ ፊልም ውስጥ ጸጥ ይላል። የሰውየው እጅ፣ የጅቡ አፍ፣ ጨለማው፤ ሁለቱ የቆየ ትውውቅ ያላቸው ይመስላል።

በ2021 ረጅም ዶክመንተሪዋ «ፋያ ዳዪ» መጣ። ስለ ጫትና በዙሪያው ስላለው ኑሮ፣ ወደ ውጭ ለመሰደድ ስለሚያስቡ ልጆች ነው። ለመሥራት አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። መጀመሪያ የታየው እንደገና ሰንዳንስ ላይ ነው። ከዚያ በስዊዘርላንዷ ኒዮን ከተማ በሚካሄደው የዶክመንተሪ ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ። አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አገኘ። መጨረሻ ላይ ለኦስካር በረጅም ዶክመንተሪ ዘርፍ ከተለዩት 15 ፊልሞች አንዱ ሆነ።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። አጭሩ ፊልም ሠሪዋን አስተዋወቀ። ረጅሙ ሲመጣ የሚያውቋት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ፌስቲቫል ለሌላው አቀበለው። ዋናው ነገር ግን ፊልሙ ነው፤ አሥር ዓመት ከሰዎቹ ጋር የቆየ ሰው ብቻ የሚያገኘውን ምስል የትኛውም ፌስቲቫል አይሰጥም።

የፌስቲቫል ጉልበት ከፊልሙ ዓለም ውጭም ሊደርስ ይችላል። በ2006 ሰንዳንስ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ቡና አምራቾች የሚተርክ «ብላክ ጎልድ» የተባለ የእንግሊዝ ዶክመንተሪ ታየ። ገበሬው የሚያገኘውና ውጭ አገር አንድ ስኒ የሚሸጥበት ዋጋ ያላቸውን ርቀት ያሳያል። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ ስትሟገት ነበር፤ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። ፊልሙ ያን ውጤት አመጣ ማለት ግን ማጋነን ነው። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነበር፣ የኦክስፋም ዘመቻም ነበር። ፊልሙ ያደረገው ነገር፣ ቡናውን በየቀኑ የሚጠጣው ሰው ክርክሩ ስለ ማን እንደሆነ ፊቱን እንዲያይ ነው።

## የሚሸጠው ቅጠል

«ከፍለህ የምታገኘው ነው» የሚለው ሰውዬ ከሜዳ አልተነሳም። በየወሩ «ውድድር» የሚያደርጉ፣ አዳራሽ የሌላቸው፣ ተመልካች የሌላቸው፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያሉ ብዙ «ፌስቲቫሎች» አሉ። የማመልከቻ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ፊልምህ በአንዱ ዘርፍ ያሸንፋል፤ ዘርፉ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ከዚያ ዋንጫውንና ሰርተፍኬቱን ከፈለግህ ሌላ ክፍያ አለ። ፊልምህን ማንም አላየውም። ያገኘኸው አንድ የቅጠል ምስል ነው።

ክፍያ መኖሩ ብቻውን ግን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ሰንዳንስን ጨምሮ ትልልቆቹም የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ ሺዎች ፊልም የሚያይ ሰው ደሞዝ ይፈልጋል። መታየት ያለበት ሌላ ነው። አዳራሹ የት ነው? አምና የታዩት የትኞቹ ፊልሞች ናቸው፣ እነሱስ ከዚያ በኋላ የት ደረሱ? ፕሮግራመሮቹና ዳኞቹ በስም የሚታወቁ ናቸው? ሕዝብ ቲኬት ይዞ ይገባል? እነዚህን ለማጣራት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ዶላር በዚህ ዋጋ ባለበት ጊዜ ሃያና ሠላሳ ዶላር ለአንድ ወጣት የካሜራ ኪራይ ነው፣ ያለ ጥያቄ የሚላክ ገንዘብ አይደለም።

ጋዜጠኞችም እዚህ ላይ ሥራ አለብን። አንድ ፊልም «ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ» ሲባል የፌስቲቫሉን ስም ፈልጎ ማየት የዜናው አካል ነው። ያለዚያ እውነተኛው ድካምና የተገዛው ቅጠል እኩል ጭብጨባ ያገኛሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው በእውነት ያሸነፈው ልጅ ነው።

## «ለፈረንጅ ዓይን የተሠራ» የሚለው ቅሬታ

ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ቅሬታ አይደለም። ብዙዎች የውጭ ፌስቲቫሎች ከአፍሪካ የሚፈልጉት ረሃብ፣ ስደትና በደል ብቻ ነው ይላሉ። ገንዘቡ ከዚያ ስለሚመጣ ሠሪውም ሳያውቀው የሚፈለገውን መሥራት ይጀምራል። እውነትነት አለው። ፒቹ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች በአብዛኛው አውሮፓውያን ናቸው፤ «ተመልካቻችን ይህን ይረዳዋል ወይ?» ሲሉ የሚያስቡት የራሳቸውን ተመልካች ነው።

በሌላ በኩል «ገመናችንን ለምን ታወጣላችሁ» የሚለው ክርክር በራሱ አደጋ አለው። ረሃብን መደበቅ የት እንዳደረሰን በ1967 ዓ.ም. አይተናል። ችግርን ማሳየት ክፉ አይደለም። ክፋቱ ሰውየው ፊልሙ ውስጥ ችግሩን ብቻ ሲሆን ነው፤ ሲቀልድ፣ ሲቆጣ፣ ሲያስብ ሳናየው ሲቀር። «ሐይራት»ም «ፋያ ዳዪ»ም ይህን ያለፉ ይመስለኛል፤ ሰዎቹ ምሥጢር አላቸው፣ ካሜራው ሁሉንም አይነጥቃቸውም።

ሌላው ቅሬታ ፖለቲካ ነው። ፌስቲቫል ገለልተኛ አዳራሽ አይደለም። በ2023 የኢድፋ መክፈቻ ላይ ስለ ፍልስጤም መፈክር የያዙ ሰዎች መድረክ ላይ ወጡ። መጀመሪያ የእስራኤል ፊልም ሠሪዎች ተቃወሙ። ፌስቲቫሉ መፈክሩን የሚነቅፍ መግለጫ ሲያወጣ ደግሞ የፍልስጤም የፊልም ተቋም ራሱን አገለለ፤ ሌሎች ሠሪዎችም ፊልማቸውን አወጡ። ሁለቱንም ወገን ማስደሰት አልተቻለም። አንዳንዱ ይህን አይቶ ፌስቲቫል ከፖለቲካ ይራቅ ይላል። ስለ ጦርነት፣ ስለ መሬትና ስለ ስደት የሚተርኩ ፊልሞችን እያሳየ እንዴት ይራቃል? የሚቻለው በግልጽ ማወያየት ብቻ ነው፤ እሱም ያስከፍላል።

## አዲስ አበባ ላይስ?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ አዲስ አበባ የራሷ የዶክመንተሪ ፌስቲቫል አላት። ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የተባለው ድርጅት በ2007 የጀመረው «አዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል» ትኩረቱ ዶክመንተሪ ነው። በየጊዜው ከዓለም ዙሪያ ፊልም እያመጣ አሳይቷል። ስለ አምስተርዳም የምናወራውን ያህል ስለዚህ አናወራም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

የአገር ውስጥ ፌስቲቫል ምን ሊያመጣ እንደሚችል ጀርመን ጥሩ ምሳሌ ናት። ኦበርሃውዘን የምትባል የፋብሪካ ከተማ ከ1954 ጀምሮ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል አላት። በየካቲት 1962 እዚያ ፌስቲቫል ላይ 26 ወጣት ፊልም ሠሪዎች አንድ መግለጫ አነበቡ። «አሮጌው ፊልም ሞቷል፤ በአዲሱ እናምናለን» ይላል መዝጊያው። እነዚህ ልጆች ያላቸው አጭር ፊልም ብቻ ነበር። መግለጫው ግን ወሬ ሆኖ አልቀረም። በ1965 ለወጣት ሠሪዎች የመጀመሪያ ፊልም ገንዘብ የሚሰጥ ተቋም ተመሠረተ። አዲሱ የጀርመን ሲኒማ የሚባለው ትውልድ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፌስቲቫሉ ያደረገው ልጆቹን አንድ ቦታ ማገናኘት፣ መንግሥትና ጋዜጣ ባለበት እንዲናገሩ ማድረግ ነው።

እኛ ጋ ይህ እንዲሆን ምን ይጎድላል? ገንዘብ አንዱ ነው። ቀጣይነት ግን ይብሳል። አንድ ዓመት ደምቆ ሁለት ዓመት የሚጠፋ ፌስቲቫል ተመልካች አያለምድም። የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንደ ክፍል ሰዓት ሊገቡበት ይገባል፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ቢያንስ አሸናፊውን አጭር ፊልም ገዝተው ቢያሳዩ ሠሪው ለቀጣዩ መነሻ ያገኛል። ክፍያው ብዙም ባይሆን፣ ፊልም ዋጋ እንዳለው ያስተምራል።

ደግሞም ስለኛ የተሠሩ ፊልሞች ጉዳይ አለ። በ2024 ዱከም ስላለው የቻይና ኢንዱስትሪ ዞን፣ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛዋና መሬቷን ልታጣ ስለምትችል ገበሬ የሚተርክ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የተባለ ዶክመንተሪ ወጣ። መጀመሪያ የታየው ኒውዮርክ ውስጥ ትራይቤካ ፌስቲቫል ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዱከም ግን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ወደ ውጭ የሚላክ ፊልም መጀመሪያ የሚሠራለት የግርጌ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ፌስቲቫሎቹ የሚጠይቁት እሱን ነው። በኦሮምኛና በሐረሪ ለሚነገር ፊልም የአማርኛ፣ በአማርኛ ለሚነገረው የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ተርጓሚ ይፈልጋል፣ ሰዓት የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋል፣ ክፍያ ይፈልጋል። ያን ጽሑፍ አዘጋጁልኝ ብሎ የሚጠይቅ፣ ወጪውንም የሚጋራ ፌስቲቫል አምስተርዳም ውስጥ አይገኝም። የሚጠይቀው ዱከም ያለችው ሴት መጥታ እንድታየው የሚፈልግ ፌስቲቫል ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው ወይም ሊኖር የሚችለው እዚህ ነው።